የመንገድ ጸጥታ

በቋንቋችን «ጸጥታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በአንድ በኩል ጩኸትና ሁካታ አለመኖሩን ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሰላምና ደኅንነት መኖሩን ይናገራል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰራቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሰላም ባለበት አገር ሰው ለርዳታ አይጮኽምና። ነገር ግን የአገርን ታሪክ ቀርቦ ላስተዋለ ሰው ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። ሁካታ የሌለበት መንገድ ሁሉ ሰላም ያለበት መንገድ አይደለም። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ልዩነት በወለጋ መንገዶች ታሪክና በአንዲት ትንሽ መሣሪያ፥ ማለት በብስክሌት፥ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ብስክሌት ከተሽከርካሪዎች ሁሉ ትሑቱ ነው። ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ሁለት መንኰራኵር ከፊትና ከኋላ አያይዞ በላዩ ተቀመጠና መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ። በ1860ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ፔዳል ተጨመረለት። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሁለቱን ጎማዎች ቁመት አቀራረበና የእግርን ኃይል በካቴና ወደ ኋላው ጎማ አስተላልፎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ ለልጁ መጫወቻ ብሎ የሠራውን ነፋስ የተሞላ ጎማ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ እንዳለ ነው። በሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ጉልበት፥ እግረኛ ለዚያው መንገድ ከሚያወጣው ሩብ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ነዳጅ አይጠጣም፥ ገፈራ አይበላም፥ አይጮኽም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ብስክሌት የሚነዳ መንገደኛ በዙሪያው ግድግዳ የለውም፥ መስታወትም አይጋርደውም። ከሚያልፈው ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ይተያያል። የወፉን ድምፅ ይሰማል፥ የእርሻውንም ሽታ ያሸታል። ክፉ ሰው ቢያጋጥመው ሮጦ ለማምለጥ አይችልም፤ በዳገት ላይማ ልጅ እንኳ በእግሩ ይቀድመዋል። ስለዚህ በብስክሌት ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ነፍሱን ለአገሬው ሰው አደራ ሰጥቶ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን፥ ያለ ጠባቂና ያለ መሣሪያ፥ በጫካና በወንዝ መካከል በብስክሌት አልፎ በሰላም ከገባ፥ ያ መንገድ በእውነት ጸጥታ አለው። ለዚህ ነው ብስክሌትን የመንገድ ሰላም ሚዛን የምለው።

ይህ ሚዛን በአገራችን በማን ዘመን እንደ ተስፋፋ ቃሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ፍሬን፥ ካቴና፥ ካላማዳሪያ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ቃሎቹ ግን ጎማ በሚጠግነው ሰው አፍ ቀሩ፤ እኛም የራሳችን አደረግናቸው። ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956)፥ ኢትዮጵያ በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም አንዱ ነበር። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ አራት ዓመት አስቀድሞ ነው። ይሁን እንጂ ብስክሌት ለረጅም ጊዜ የከተማና የሜዳ ነገር ሆኖ ቆየ። ደርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ ተነሥታ እስከ ሕንድ ድረስ በብስክሌት ሄዳ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን የሰሜኑን ተራራ በእግሯና በበቅሎ ተጓዘች። ያን ያህል አገር በብስክሌት ያቋረጠች ሴት በእኛ አገር በቅሎን መምረጧ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ተራራውና ገደሉ የበቅሎ አገር ነውና።

ወለጋም እንዲሁ የበቅሎ አገር ነበረች። የቀድሞ ሰዎች ለቀምት የሚሏት ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በአምቦ፥ በጉደርና በባኮ አልፎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርስባታል። በምሥራቋ ያለው የጊቤ ውኃ ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ በሰሜኗ ያለው አንገርና በምዕራቧ ያለው ዴዴሳ ደግሞ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከነቀምቴ ወጥቶ ወዴትም የሚሄድ ሰው ወደ ቆላ ሳይወርድና መልሶ ዳገት ሳይወጣ አይሄድም። በደጋው ዝግባና ወይራ፥ ዝቅ ሲል ዋንዛና ብሳና፥ ከጥላቸውም ሥር ቡና ይበቅላል። በዚህ አገር ውስጥ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው ይዘው እየገቡ ወርቅ፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ቡና ጭነው ይወጡ ነበር።

ያ መንገድ የሞተር ድምፅ አልነበረበትም፤ አቧራውንም የሚያስነሣው የበቅሎ ኮቴ ብቻ ነበር። ነገር ግን «እንዴት ያለ ሰላማዊ ዘመን ነበር!» ብለን እንዳንሳሳት፥ በዚያው ጸጥ ባለ የጫካ መንገድ ላይ ሰው እንደ ዕቃ ይነዳ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጓሜውም «አስተርጓሚ» ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ በመጨረሻ ምፅዋ ደረሰ፤ በ1870 በዚያ ነፃ ወጣ። ተሰርቆ የተወሰደበት መንገድ ጸጥተኛ ነበር፤ ጸጥታውም የወላጅን ለቅሶ ለመሸፈን የበቃ ነበር።

ኦኔሲሞስ ከስዊድን ሚስዮን ተምሮ ወደ ወገኑ ለመመለስ ያደረገው ጥረት ራሱን የቻለ የመንገድ ታሪክ ነው። በ1881 በሱዳን በኩል ጥቁር ዓባይን ተከትሎ ተነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቤኒሻንጉል ጫፍ ከፋማካ ደርሶ መንገድ ስለ ተከለከለ ተመለሰ፤ ከጓደኞቹም በንዳድ የሞቱ ነበሩ። እግሩ ያልደረሰበትን አገር በብዕሩ ሊደርስበት ቈረጠ። አስቴር ጋኖ ከተባለች፥ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣች ሴት ጋር እየሠራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እርሱ ራሱ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። በዚያም እያስተማረ ኖሮ በ1931 ዐረፈ። ሂካ የተባለው ሕፃን እየታሰረ በወጣበት አገር፥ መጽሐፍ ተሸክሞ በነፃነት ገባ።

እርሱም የመጀመሪያው መንገደኛ አልነበረም። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከኤርትራ ተነሥቶ በ1898 ወለጋ ውስጥ ቦጂ ደርሶ ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ በ1905 በዚያው በቦጂ በእሳት ቃጠሎ ሞተ። በምዕራብ በኩል ደግሞ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተዋዋሉ በኋላ የጋምቤላ የንግድ በር ተከፈተ፤ የሰዮ፥ ማለት የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፥ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ባሮ ወንዝ እየወረደ፥ በክረምት ውኃው ሲሞላ በሚመጡት መርከቦች ይጫን ጀመር። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢም በ1919 ከሱዳን ወደ ሰዮ የወጣው በዚሁ በጋምቤላ በኩል ነበር።

እነዚህ ሰዎች በማያውቁት አገር ጫካና ወንዝ እንዴት አለፉ? ከገዢዎች የተሰጣቸው የይለፍ ቃል እንደ ረዳቸው አይካድም። ነገር ግን ሌሊቱን የሚያሳድር፥ እግር የሚያጥብና መሻገሪያውን የሚያሳይ ገዢ አይደለም፤ ገበሬው ነው። በአማርኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይባላል፤ ይህን ብሎ በር ለሚመታ ሰው በሩን መዝጋት ነውር ነው። ኦሮሞውም መንገደኛውን ሲሸኝ «ነጋን ዴሚ» ይለዋል፤ በሰላም ሂድ ማለት ነው። ይህ የአፍ ልማድ ብቻ አይደለም። «በእኔ ደጅ በሰላም አልፈሃል፥ ከእኔ በኋላ ያለውም ደጅ እንዲሁ ይሁንልህ» የሚል አደራ አለበት። መንገድ በእንዲህ ያለ አደራ ከደጅ ወደ ደጅ ይሠራል፤ ድንጋዩና ጠጠሩ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰላምታ ሳይሰጥ የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ያው አገር አሳይቷል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች የጦር ሹማምንት ይዘው በነቀምቴ አጠገብ ቦነያ በተባለ ሜዳ ላይ ዐረፉ። ከአየር የመጣ ሰው ወንዝ አይሻገርም፥ የማንንም ደጅ አይለምንም። አገሩንም በአንድ ቀን የወሰዱት መስሏቸው ነበር። በዚያው ሌሊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኰንኖችና ሌሎች አርበኞች አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም ከሞቱት አንዱ ነበር። እንግዳን እግር አጥቦ የሚያሳድር አገር ወራሪን ደግሞ እንዲህ ይቀበላል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። እኔ ወጣት መምህር በነበርኩበት በ1970ዎቹ ዓመታት፥ ከደመወዜ አጠራቅሜ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ከባድ ብረት ነበር፤ ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእርሱ መሄድ ልማዴ ሆነ። ስንቄ ቆሎና ዳቦ፥ መሣሪያዬ መንፊያና ማስቲሽ ነበር። በዚያ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ መንቀሳቀስ ስለማይቻል፥ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ አደርገው ነበር።

በማለዳ ስነሣ ጉሙ ገና ከሸለቆው አልተነሣም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከጎማዬ ሥር ከሚንኰሻኰሸው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ጉሬዛዎች ነጭና ጥቁር ጠጕራቸውን እያዘናፈሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ። መኪና ቢያልፍ አስቀድሞ ከሩቅ ይሰማል፤ ካለፈ በኋላም አቧራው እስኪበተን ቆም እላለሁ፤ ከማለዳ እስከ ቀትር ያለፉኝን መኪናዎች በአንድ እጅ ጣት መቊጠር ይቻል ነበር። ከዚያ ወደ ዴዴሳ የሚወርደው ቁልቁለት ይጀምራል። ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ከ1400 ሜትር በታች ወዳለው ሙቀት ሲወረድ፥ በአንድ ጥዋት ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ ያህል ነው። ፍሬኑ እንዳይቃጠል በየጊዜው መውረድ ያስፈልጋል፤ በወረድኩም ቍጥር አንድ ሰው ከእርሻው ቀና ብሎ ከየት እንደ መጣሁ ይጠይቀኛል።

ድልድዩ ላይ ጠባቂው ወረቀቴን አይቶ ያሳልፈኛል። የዴዴሳ ውኃ ሰፊና ዝምተኛ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጉማሬ ሲያጕረመርም ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ጊምቢ የሚያወጣው ዳገት ነው። በዳገት ላይ እኔና ብስክሌቱ ቦታ እንለዋወጥ ነበር፤ እርሱ መሸከሙን ትቶ እኔ እገፋዋለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የተነገረው በዚያ ዳገት ላይ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላዬ መጥተው፥ ምንም ሳይናገሩ የብስክሌቱን ኮርቻ ይዘው እስከ ጋራው ጫፍ አብረውኝ ገፉ። መሽቶ ስለ ነበረ ከቤታቸው አሳደሩኝ። ባለቤታቸው ለእግሬ ሙቅ ውኃ አቀረቡ፤ የተቀቀለ አንጮቴና እርጎ በላሁ፤ በቅቤ የታሸም ቡና ቀረበልኝ። ስሜንና ወገኔን የጠየቁኝ ከጠገብኩ በኋላ ነው። በመጻሕፍት ካነበብኳቸው የታሪክ ትምህርቶች ብዙዎቹ ተረስተውኛል፤ ይህ ቅደም ተከተል ግን፥ አስቀድሞ ውኃ፥ ቀጥሎ መብል፥ በመጨረሻ ጥያቄ፥ አልተረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ አስፋልት ለበሰ፤ መኪናውም በዛ። ይህን የማማርር ሰው አይደለሁም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ያየ ሰው የመኪናን ድምፅ አይጠላም። የገበሬውም ቡና በፍጥነት ገበያ መድረሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በመኪና ያለፈ ሰው የሸለቆውን ስም ሳያውቅ ያልፋል፤ ባለቤቱንም አያውቅም። መንገዱ ሰዎችን ለማገናኘት የተሠራ ሲሆን፥ ሳይተዋወቁ የሚተላለፉበት ሊሆን ይችላል። ለመተዋወቅ ጊዜ ያጣ ሕዝብ ደግሞ ስለ ጎረቤቱ የሚነገረውን ክፉ ወሬ ቶሎ ያምናል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ የደረሰውን መከራ እናንተም ታውቁታላችሁ። በግጭቱ ብዙ ንጹሓን ከየወገኑ ተገደሉ፤ እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ የስልክ መስመር ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዶችም በየጊዜው ተዘጉ። ያን ጊዜ ለብዙ ዓመት በጭነት መኪና ሲንቀጠቀጥ የኖረው መንገድ እንደገና ጸጥ አለ። ወፍ እንደ ድሮው ተሰማ። ነገር ግን ያ ጸጥታ ኦኔሲሞስ በሕፃንነቱ የተነዳበት ዓይነት ጸጥታ ነበር። ሰው የጠፋበት፥ በር የተዘጋበት፥ «ከየት መጣህ» የሚለው ጥያቄ ከውኃው በፊት የሚመጣበት ጸጥታ ነው። በመኪና አለመኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ መንገዱ ለብስክሌት ከዚያ ወዲያ የተመቸ አይሆንም ነበር፤ የሚነዳበት ሰው ግን አልነበረም።

በሌሎች አገሮች ሰዎች ጸጥ ያለ መንገድን በፈቃዳቸው ሲያበጁ አይተናል። የኔዘርላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር በደረሰ ጊዜ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም በባዶው ጎዳና ላይ በብስክሌት ወጣ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ1974 ጀምራ ጎዳናዎቿን በእሑድ ለእግረኛና ለብስክሌት ትከፍታለች። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነፃ ሆነው ሕፃናት ሲጫወቱባቸው አይተናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያው በ2011 ዓ.ም. በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ጎዳና በደስታ ጸጥ ሲል ሌላው በፍርሃት ጸጥ አለ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ባዶ መንገድ ናቸው። ሕፃን በላዩ ሲጫወት ያየ ግን የቱ የሰላም እንደ ሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የአስፋልቱ ሥራ የመንግሥትና የመሐንዲስ ነው፤ የጸጥታው ሥራ ግን ከእናንተ እጅ አይወጣም። ያም ሥራ ከጥቃቅን ነገር ይጀምራል። በመንገድ ዳር ቆማችሁ በብስክሌት ወይም በእግር በሚያልፍ እንግዳ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ታናሽ ወንድም ቢኖራችሁ፥ እጁን ያዙት፤ በድንጋይ ፋንታ ሰላምታ አስተምሩት። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው የሚናገረውን ቋንቋ፥ ቢያንስ ሰላምታውን፥ ተማሩ፤ ኦኔሲሞስ የሕይወቱን ዘመን የሰጠው አንድ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው እንዲያነብ ነበርና። የዋንዛውንና የዝግባውን ዛፍ ጠብቁ፤ የመንገደኛ ጥላ እርሱ ነው። ስለ ጎረቤታችሁ ክፉ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ፥ ከማመናችሁ በፊት በእግራችሁ ወይም በብስክሌታችሁ ሄዳችሁ እዩት።

አገራችሁ ጸጥታ እንዳላት ልታውቁ ብትፈልጉ የጠባቂውን ብዛት አትቊጠሩ። አንድ ወጣት ብቻውን ብስክሌቱን ይዞ በጥዋት ከነቀምቴ ሲወጣ እናቱ ያለ ስጋት ትመርቀው እንደ ሆነ፥ ሲመሽበትም ከዴዴሳ ማዶ የማያውቀው ሰው በሩን ይከፍትለት እንደ ሆነ ጠይቁ። ሁለቱ እናቶች፥ የምትመርቀውና እግሩን የምታጥበው፥ ሳይተያዩ የሚተማመኑ ከሆነ፥ መንገዱ ተሠርቷል ማለት ነው።